ፈረንሳይን ከደመኛ ጋር መጎብኘት

ፈረንሳይን ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ባሕር አይቼ ለመጨረስ የከፈልኩት ይህ ነው፦ የግራ ጆሮዬ ግማሹ፣ ሁለት የፊት ጥርስ፣ አንድ አልታጠፍ ያለ ጣት። ብሩን አልቆጥርም፤ ብር ይመለሳል።

ይህን የምጽፈው ከንፋስ መውጫ እየደወላችሁ «ሞላ፣ አገሩ እንዴት ነው? ምን ይታያል? ምን ይበላል?» ስለምትሉኝ ነው። ልጃችሁን ልትልኩም ያሰባችሁ አላችሁ። እሺ፣ ልንገራችሁ። ብቻ ሻንጣ እየጎተትኩ ሆቴል ለሆቴል የዞርኩ አድርጋችሁ እንዳታስቡኝ። እኔን አገሩን ያስጎበኘኝ ይርጋ ነው።

ይርጋን የማታውቁት ትኖራላችሁ። የስማዳ ሰው ነው። ታላቅ ወንድሜ በእርሻ ድንበር ተጣልቶ የይርጋን አባት በጥይት ገደለበት። ወንድሜ ታሰረ፤ ደሙ ግን አልታሰረም። በኛ አገር ደም መላሽ ገዳዩን ብቻ አይፈልግም፤ ከገዳዩ ቤት የተሻለውን ሰው ይመርጣል፣ እንዲያንገበግብ። እኔ የእህል መጋዘን ነበረኝ፤ ሚዛኑ አይዋሽም ይባልልኝ ነበር፤ ብዙም አይዋሽም። ስለዚህ ምርጫው እኔ ላይ ወደቀ። በዕድሜዬ ሙሉ «ከቤታችሁ አንደኛው እርስዎ ነዎት» ያለኝ ይርጋ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ገበያው ጢም ሲል፣ በቀትር ወጣሁ። ሌላው ስደተኛ ጨለማ ተገን አድርጎ ነው የሚወጣው፤ ደመኛ ያለበት ሰው ግን ጨለማ ለሌላውም ተገን መሆኑን ያውቃል። አይሱዙው ላይ የገብስ ጆንያ ከላዬ ሊጭኑብኝ ሲሉ ታናሽ ወንድሜ አስማረ ደረሰ። እዚያው አገራችን፣ ቤተ ልሔም ደብር፣ ድጓ የሚማር ዲያቆን ነው፤ ከዚያ ድረስ በእግሩ መጥቶ ነበር።

«አያ፣ አንተ ስትሄድ አንደኛው ማን ይሆናል?» አለኝ።

«አንተ ትሆናላ! ድጓ የሚማር ሰው ደግሞ ማን ይገድላል? ቢገድሉህ ማን ሊቀድስላቸው?»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጆንያው ተጫነብኝ።

መተማን፣ ሱዳንን፣ ሊቢያን አልተርክም፤ በዚያ ያለፉ ያውቁታል፣ ያላለፉ አያምኑም። ሁለቱ ጥርሶቼ እዚያ ናቸው፣ አንድ ዘበኛ በጠመንጃ ሰደፍ አውጥቶልኛል። ከባሕሩ ወዲህ ጣሊያን፣ ከጣሊያን ካሌ። ካሌ የፈረንሳይ ሰሜን ጫፍ ነው፤ አየሩ ጥሩ በሆነ ቀን እንግሊዝ ማዶ ይታያል፣ መታየቱ ነው እንጂ። እዚያ የሚበላው ምስር ሾርባ ነው፣ ደግ ሴቶች ያለ ጨው ይቀቅሉታል። እኔ ለሾርባው ተሰልፌ ሳለ ከፊቴ ሦስተኛው ሰው ዞረ።

«አያ ሞላ! ደኅና ነዎት?»

ይርጋ ነው። እስከዚያ ድረስ እኔን ተከትሎ የመጣ መስሎኝ ልቤ አበጠ። ለካ እሱም እንደማንኛችንም ሥራ ፍለጋ ነው የመጣው።

«ደኅና ነኝ ይርጋ። እናትህ እንዴት ናቸው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሾርባውን ይጨርሱና ይዙሩልኝ፤ ከኋላ መምታት ነውር ነው።»

እስከ መጨረሻው አንቱ እንዳለኝ ነው። ተራዬ ደርሶ ብቀበልም ሾርባውን አላስጨረሰኝም እንጂ። የድንኳን ካስማ ብረት ይዞ ነበር፤ ጎንበስ አልኩ፣ ጆሮዬ ግን አላጎነበሰም። ሴቶቹ ጮኹ፣ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ፣ ሁለታችንም በጭሱ ውስጥ እያነባን ስንፈላለግ ይርጋ እንዲህ ብሎ ጮኸ፦ «እርስዎ ቢያመልጡ ድጓ ተማሪው አለ!»

ያን ቀን ደሜን በካልሲ ይዤ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ይርጋ የሟች የበኩር ልጅ ነው፤ እሱ «ይዤዋለሁ» እስካለ ድረስ አጎቶቹ አይቀድሙትም፣ ክብሩ የሱ ነው። እኔ ድራሼ ከጠፋ ግን ስልክ ያነሳና «ሞላ አምልጧል፣ ወደ አስማረ ሂዱ» ይላል። ስለዚህ ማምለጥ የለብኝም፣ መያዝም የለብኝም። ከዚያ ወዲህ አድራሻ ሳልተው ሸሽቼ አላውቅም። የምሄድበትን ከተማ ለአገር ልጆች እነግራለሁ፤ ይርጋ ዘንድ በማግስቱ ይደርሳል። አንድ ሰው ፈረንሳይን በደንብ ማየት ከፈለገ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም፤ የትም ከተማ ላይ አትሰለቹም።

መጀመሪያ ኖርማንዲ ሂዱ። ዝናቡ የኛው የሐምሌ ዝናብ ነው፣ ልዩነቱ መስከረም አይጠባለትም። ላሞቻቸው የኛን አራት ያህላሉ። ካማምቤር የሚሉት አይብ አላቸው፣ ሽታው ውሃ ውስጥ የሰነበተ ጠፍር ነው፤ አፍንጫችሁን ይዛችሁ ብትውጡት ግን ይጣፍጣል። ከፖም የሚጠምቁት ሲድር ጌሾ ያልገባው ጠላ ነው። ሁለት ብርጭቆ እንደጠጣሁ ይርጋ በሩ ላይ ቆመ።

ቀጥሎ ሊዮን። እዚያ ከምግብ ቤት ጓሮ ድስት አጥብ ነበር። የሊዮን ሰው ጨጓራና አንጀት ይወዳል፤ አገራችሁ የገባችሁ ይመስላችኋል። አንዱዬት የሚሉትን ግን ሳትጠይቁ እንዳትነኩ፣ የአሳማ ነው። ይርጋ በጓሮ በር ጠርሙስ ሰብሮ ሲመጣ በእጄ የነበረው የብረት መጥበሻ ነው፤ ፊቱን አልኩት። አፍንጫው እስካሁን ወደ ግራ ያያል። ከዚያ ሮጬ ዳቦ ቤት ገባሁ።

«የጓሮ በር አለሽ ወይ?» አልኳት ሻጯን።

«ቦንዡር» አለችኝ።

«የጓሮ በር!»

«ቦን-ዡር፣ ሙስዬ።»

«ቦንዡር። የጓሮ በር አለሽ ወይ?»

«በግራ በኩል» አለችኝ፣ ፈገግ ብላ። ይህን ያዙልኝ፤ በዚያ አገር ሰላምታ ሳታቀርቡ መሞትም አይፈቀድም።

የጥገኝነት ጉዳዬን የጠየቀኝ ሹም ደግሞ ጨዋ ሰው ነበር፣ ውሃ ቀድቶልኛል። አስተርጓሚ አጠገቡ ተቀምጣለች።

«ማን ነው የሚያሳድድዎት?»

«ይርጋ።»

«የመንግሥት ሰው ነው?»

«የለም፣ የሟች ልጅ ነው።»

«አሁን የት ይገኛል?»

«ታች፣ በር ላይ። የወረፋ ቁጥሩ አርባ ሰባት ነው። እኔ አርባ አምስት ነኝ።»

አስተርጓሚዋ መነጽሯን አወለቀች። ሹሙ ጻፈ፣ ጻፈና ቀና አለ።

«እንግዲያው ወደ ኢትዮጵያ ቢመለሱ ከእሱ ይርቃሉ ማለት ነው።»

ስንት የእህል ደላላ አይቻለሁ፤ ሚዛን እንዲህ ሲገለበጥ ግን አላየሁም። ወረቀት ከለከሉኝ። ይርጋንም ከለከሉት፤ ምን ብሎ እንደነበር አላውቅም፣ መቼም «ሞላ ያሳድደኛል» ብሎ ይሆናል።

ማርሴይ ላይ ባሕሩንና ዓሣውን እዩ። ፓስቲስ የሚሉት መጠጥ የኛው ኡዞ ነው፣ ውሃ ሲነካው ወተት ይመስላል። እዚያ ይርጋ ታሞ ስለነበር አንድ ወር ሙሉ ሰላም አገኘሁ፤ ብርቱካንም ላክሁለት። እንዳይሞትብኝ ነበር፤ ከሞተ ተራው ወደ አጎቶቹ ያልፋል።

ከዚያ ወይን ለቀማ ቡርጎኝ ሄድን። ሄድን የምለው አንድ መኪና ስለጫነን ነው። ለቃሚ ከወይኑ ረድፍ ወዲህና ወዲያ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ባለ እርሻዋ ማዳም «አንድ አገር ናችሁ፣ ትጫወታላችሁ» ብላ እኔንና ይርጋን ፊት ለፊት ሰጠችን። ለየሰው መቀስ አደለች፣ አዲስ የተሳለ። አንድ ዘለላ ላይ እጃችን እየተገናኘ አራት ቀን ለቀምን።

«አይመቱኝም እንዴ?» አለኝ በቅጠሉ መሐል።

«አንተስ?»

«የሰው አዝመራ ላይ አልችልም። ለቀማው ይለቅና።»

አራሽ ነው፣ ምን ታደርጉታላችሁ።

ረቡዕ ምሳ ላይ ማዳም በወይን የተቀቀለ የበሬ ሥጋ አቀረበች፤ የቡርጎኝ ኩራት እሱ ነው፣ ሌላ ቀን ከሆነ ብሉት። ቀንድ አውጣም ነበር፣ እሱን ተዉት። ከአሥራ ስድስት ሰው ሥጋውን የገፋነው እኔና ይርጋ ብቻ ነን፤ ጾም ነው። ማዳም ተቀየመች። አንድ ሳህን ድንች ብቻ አመጣችና በመሐላችን ጥላው ሄደች።

ደም ያለባቸው ሰዎች ከአንድ ሳህን አይበሉም። ርሃቡ ደግሞ አራት ቀን የለቀመ ሰው ርሃብ ነው። ይርጋ ረጅሙን ዳቦ አነሳና ሳህኑ መሐል አጋደመው፤ ወዲህ የኔ፣ ወዲያ የሱ። በላን። ዳቦው ወደኔ ትንሽ የገፋ መሰለኝና፣ አፌ አያርፍም፣ «ድንበር ገፋህ» አልኩት፣ በጣቴ ወደሱ እያስጠጋሁ።

ቀልድ አልነበረም ለሱ። አባቱ የሞተው በዚያ ነው። ሹካውን በጣቴ ላይ ተከለው፤ ከጣቴ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ቆመ። ድንቹ ቀላ። በሌላው እጄ ወንበሬን አንስቼ ትከሻውን አልኩት፣ ሰው ሁሉ ተነሳ፣ ማዳም ስልኳን ይዛ መጣች።

«ማን ነው የወጋህ? ፖሊስ ልጥራ?»

ሹካው አሁንም ጣቴ ላይ ነው።

«አዳለጠኝ፣ ማዳም» አልኳት። «ሹካ አያያዝ አልችልበትም።»

ይርጋ ከወለሉ ላይ ሆኖ አየኝ። ፖሊስ ከመጣ ወረቀት የለውም፣ ወደ አገር ይላካል፤ ስማዳ ከገባ ቤተ ልሔም የስንት ቀን መንገድ ነው? እዚህ እኔን እየወጋ ቢኖር ይሻለኛል።

ዓርብ፣ የለቀማው የመጨረሻ ቀን፣ ረፋድ ላይ ስልኬ ጠራ። አጎቴ አያ በላይ ናቸው።

«ሞላ፣ ቁመህ ነው?»

«ቆሜ ነው።»

«ተቀመጥ። አስማረን ገደሉት። ከማኅሌት ሲመለስ ወንዙ ላይ። የይርጋ አጎት ነው። ‹ይርጋ ፈረንሳይ ገብቶ ወይን ይጠጣል፣ እስከመቼ እጠብቃለሁ› ብሎ።»

አልተቀመጥኩም። ከወዲያ ማዶ ይርጋም ስልክ ጆሮው ላይ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ። ስልኩን አወረደው፣ መቀሱን መሬት ላይ ጣለ፣ እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«አያ ሞላ፣ እኔ አላዘዝኩም። ይዤዋለሁ ብያቸው ነበር። በእናቴ፣ አላዘዝኩም።»

የኔ መቀስ በእጄ ነው። ጉሮሮው ከእጄ አንድ ክንድ አይርቅም።

«ሞላ!» አሉ አጎቴ በስልኩ። «ይርጋ እዚያ አይደል ያለው? አሁን ተራው ያንተ ነው። የት ነው?»

ይርጋ ይሰማል። አይሸሽም።

«አላውቅም» አልኳቸው። «እስፔን ገባ አሉ።»

«ስትፈልገው ታገኘዋለህ።»

«እሺ፣ አያ በላይ።»

ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ ማዳም ከላይኛው ረድፍ ተጣራች፤ ዝናብ እየመጣ ነበር። ይርጋ መቀሱን ከመሬት አነሳ። ረድፉን ጨረስነው።

ከነሱ ቤት አንድ ሞተ። ከኛ ቤት አንድ ሞተ። ይርጋ ዲዦን የሚሉት ከተማ ውስጥ ግንብ ይገነባል፣ እኔ ከዚያ በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ እርቃለሁ፤ አያ በላይ ሲደውሉ ግን አሁንም እስፔን ነው እላቸዋለሁ።