ሽታ የሌለው አረፋ

ወንድሜ ኩሬውን መቆፈር የጀመረው ሚስቱ በሞተች በስምንተኛው ወር ነው። እስከዚያ ድረስ ተኝቶ ነበር ማለት ይቻላል። በሽታ አልነበረበትም፤ ሐኪሙም መርምሮ ምንም አላገኘም። ቁርስ ይዤለት ስገባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አገኘዋለሁ። በምሳ ሰዓት ስመለስ ቁርሱ እንዳስቀመጥኩት ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመንገድ ሥራ ገልባጭ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ፀሐይ አልጋ ላይ አግኝታው አታውቅም ነበር። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ በአራት ዓመት እበልጠዋለሁ። አላገባሁም። የምንኖረው አባታችን ትቶልን በሄደው ግቢ ውስጥ፣ ዲላ ከተማ አልቃ እንሰቱ በሚጀምርበት ጫፍ ላይ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ዶማ ይዞ ከእንሰቱ በታች ወዳለው ረግረጋማ መሬት ሲወርድ አየሁት። ምን ልትሠራ ነው አላልኩትም። ብጠይቀው ይመለሳል ብዬ ፈራሁ። ጉድጓዱ ከወገቡ ሲያልፍ ራሱ ነገረኝ።

"አሳ ላረባ ነው" አለ።

"እሺ" አልኩት።

ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ጫጩቶች ከአባያ ሐይቅ በኩል በጀሪካን አስመጣ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል። ፉርሽካ በጣሳ ይዞ ይወርድና ኩሬው ዳር ቁጢጥ ብሎ ይበትንላቸዋል። አሳዎቹ የእግሬን ኮቴ ያውቃሉ ይል ነበር። ቁርሱን በልቶ ሳህኑን ራሱ ይመልሳል። ለእኔ ኩሬው ይህ ነበር፤ ወንድሜን ከአልጋ የሚያስነሳ ነገር።

ውሃው የሚገባው ከወንዙ በተቀደደ ቦይ ነው። በቦዩ አፍ ላይ ጣውላ አለ፤ ሲያነሱት ይገባል፣ ሲጥሉት ይዘጋል። ቡና በሚታጠብባቸው ወራት ከላይ ያሉት ማጠቢያዎች ፍሳሽ ሲለቁ ወንዙ ይጠቁራል፣ የከረመ ጠላ የመሰለ ኮምጣጣ ሽታም ያመጣል። በወንዙ ዳር ለምንኖር ሰዎች የቆየ ልማድ አለን። መጀመሪያ የሸተተው ሰው ከሱ በታች ላለው ይጣራል፣ ያም ለሚቀጥለው። "ሸተተ" ነው የምንለው፤ ሌላ ቃል የለውም። ድምፁ ከውሃው ቀድሞ ይደርሳል። ከብት ያለው ከብቱን ያርቃል፣ ልብስ የዘፈዘፈ ያወጣል፣ እኛ ጣውላውን እንጥላለን። ሽታው ሲያልፍ ደግሞ ጣውላውን እስከ ጫፉ እናነሳና ኩሬውን በአዲስ ውሃ እናጥበዋለን። አሳዎቹ አየር አጥሯቸው አፋቸውን ከውሃ በላይ ሲያወጡ መድኃኒቱ አዲስ ውሃ ነው። ይህን ወንድሜ አስተምሮኝ ነበር። ሁለት ጊዜ በእጄ አድርጌው አሳዎቹ ድነዋል።

የካቲት ላይ ኮንጋ በሚባል መንደር ያለች ልጁ ወለደች፤ የመጀመሪያ የልጅ ልጁ ናት። ኩሬውን ትቶ መሄድ ከበደው።

"ሦስት ቀን ነው፤ ሂድ" አልኩት።

"ፉርሽካው አንድ ጣሳ ነው። ከዚያ በላይ አይደለም።"

"ሰምቻለሁ።"

"አንቺ ታዝኚና ታበዢባቸዋለሽ።"

"እኔ? ለአሳ?"

ሳቀ። ሳቁን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። ከዚያ ሚኒባስ ተሳፍሮ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ከላይ ከተማው ውስጥ አሮጌ ጎማና የተቃጠለ ዘይት የሚከማችበት መጋዘን ተቃጠለ። ጭሱ ከግቢያችን ይታይ ነበር፤ ጥቁርና ወፍራም ነው። የእሳት አደጋ መኪና መጣ። ውሃ ብቻውን አልበገረውም አሉ፤ አረፋ ረጩበት። የነበሩት እንደነገሩኝ ግቢው በረዶ የወረደበት መስሎ ነበር። የሰው ሕይወት አልጠፋም፤ ከመጋዘኑ ጎን ያሉት ቤቶችም ተርፈዋል። ማንንም ለመውቀስ እንዳልጻፍኩ እንዲታወቅ ይህን አስቀድሜ እናገራለሁ። እሳቱ ሲጠፋ አረፋው ወደ መንገዱ ቦይ ገባ። የመንገዱ ቦይ የሚያልቀው ወንዙ ውስጥ ነው።

አምስት ሰዓት ገደማ ከእኛ በላይ ያለችው ጎረቤቴ ጠራችኝ። ጌዴኦ ናት፤ አማርኛን የለመደችው ገበያ ላይ ነው። እንደ ልጄ የምትሆን ሴት ብትሆንም ለሰው ሁሉ "አንቺ" ነው የምትለው፤ እኔም አልቀየማትም።

"እትዬ፣ ነይ እዪ፣ ወንዝ ዛሬ ሳሙና ይዛ መጣች።"

እውነቷን ነበር። ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ ነጭ አረፋ እስከ ጉልበት ተቆልሏል። ሴቶች ብርድ ልብስና ምንጣፍ አውጥተው እየረገጡ ያጥባሉ። ጎረቤቴ በሁለት እጇ አረፋ አፍሳ አናቷ ላይ ጫነችው።

"ተመልከቺ፣ ሙሽራ ሆንኩ።"

"ማን ሊያገባሽ?" አለቻት አንዷ።

"ያንቺ ባል ጠይቆኛል። አልነገረሽም?"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ጎንበስ ብዬ በመዳፌ ቀዳሁና አሸተትኩት። አየሩን የጎማ ጭስ ይዞት ስለነበር አፍንጫዬን እጄ ውስጥ ቀብሬ ደጋግሜ አሸተትኩ። የታጠበ ልብስ ያህል እንኳ ሽታ አልነበረውም።

"ይሸታል?" አለችኝ ጎረቤቴ። እንዲህ ያለውን ነገር እኔን ይጠይቁኛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዕድሜዬን ሙሉ በጽሕፈት ቤት ታይፕ ስመታ ስለኖርኩ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስላቸውም።

"አይሸትም" አልኳት።

ስለዚህ ማንም ወደ ታች አልተጣራም። እኔም ጣውላውን አልጣልኩም።

በዚያው ሰዓት ያየሁትና ያለፍኩት ነገር አለ። ውሃ ላይ የሚራመዱ እግረ ረጃጅም ነፍሳት አሉ፤ በወንዛችን ጥግ ጥግ ሁልጊዜ ይታያሉ። የዚያን ቀን ላይ ላዩን የሚራመድ አልነበረም። ሰጥመው ከውሃው ሥር እግራቸውን ያራግቡ ነበር። ሸርጣኖችም በቀትር ፀሐይ ከውሃው ወጥተው ድንጋይ ላይ ቆመዋል። ሸርጣን በቀን እንዲህ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። አየሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ያን ቀን ዘግይቼ፣ አሥር ሰዓት ላይ ፉርሽካውን ይዤ ስወርድ አሳዎቹ ሁሉ አፋቸውን ከውሃ በላይ አውጥተው ያዛጋሉ። የተማርኩትን አደረግሁ። ጣውላውን እስከ ጫፉ አነሳሁት። ውሃው እየተግተለተለ ገባ፣ አረፋውም አብሮ ገባ። ሥራዬን እንደጨረሰ ሰው እጄን ታጥቤ ተመለስኩ።

ጠዋት ኩሬው ነጭ ነበር። መጀመሪያ አረፋው ያልጠፋ መስሎኝ ነበር፤ የአሳዎቹ ሆድ ነው። ትልልቆቹ አፋቸውን ወደ ቦዩ አፍ አድርገው እዚያ ተደራርበው ሞተዋል፤ ውሃው ወደሚመጣበት ሄደው ማለት ነው። አንዱን አንስቼ ጉንጩን ከፈትኩት። መተንፈሻ ስንጥቡ ያበጠ ነበር፣ ልጋግም ሸፍኖታል። በሕይወት ያገኘሁት ሦስት ብቻ ነው፤ እነሱም በጎናቸው ይዋኙ ነበር። ኩሬው ዳር የእንቁራሪት እጭ እንደ ፈሰሰ ጥቁር ምስር ተከምሯል።

ጎረቤቴና ሌሎች ሁለት ሴቶች ሳፋ ይዘው መጡ። ወሬው ደርሷቸው ነበር።

"ዛሬ ነው የሞተች፣ አልሸተተችም። ጥሩ ጥብስ ነው" አለች ጎረቤቴ።

"አይበላም" አልኩ።

"አንቺ ጾም ይዘሽ ነው። እኛ ጴንጤ ነን፣ እኛ ምን አገባን?"

ሴቶቹ ሳቁ።

"የጾም ነገር አይደለም። ምን እንደገደለው አላውቅም።"

አየችኝ። ሳፋው ውስጥ የከተተቻቸውን አሳዎች መልሳ መሬት ላይ ደፋች።

"ውሃው ነው?"

"ውሃው ነው።"

"ትናንት አይሸትም አልሽኝ።"

"ብዬሻለሁ።"

 ሳፋዋን አስቀምጣ አብራኝ ትለቅም ጀመር። ከእንሰቱ ጀርባ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርናቸው። ወፎች እንዳይለቅሟቸው አፈሩን በእግራችን ጠቀጠቅነው። በሕይወት የነበሩት ሦስት አሳዎችም ከቀትር በፊት ሞቱ።

ለወንድሜ አልደወልኩለትም። በሦስተኛው ቀን በምሳ ሰዓት መጣ። እንደ ልማዱ ቤት ሳይገባ ከነቦርሳው ወደ ኩሬው ወረደ። ተከተልኩት። ገና አፉን ሳይከፍት ሁሉንም ነገርኩት፤ እሳቱን፣ አረፋውን፣ ጣውላውን እስከ ጫፉ ያነሳሁት እኔ መሆኔን።

"በስንት ሰዓት ነው ያነሳሽው?"

"አሥር ሰዓት።"

"አፋቸውን አውጥተው ነበር?"

"አዎ።"

ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀምጦ ባዶውን ውሃ አየ።

"እኔም ብሆን አነሳው ነበር" አለ።

እውነት ስለሆነ ይሁን እኔን ለማጽናናት ብሎ አላውቅም። አልጠየቅሁትም።

"ሕፃኗስ?" አልኩት።

"ደህና ናት። አፍንጫዋ የሴት አያቷ ነው" አለና ቦርሳውን አንስቶ ወደ ቤት ወጣ።

በዚያው ሳምንት የግብርና ባለሙያ መጣች፤ ወጣት ናት። ወንድሜ ከአልጋው ተነስቶ ጋቢውን ደርቦ አብሯት ወረደ። አረፋው የውሃውን ላይኛ ገጽ ያላላዋል፣ ነፍሳቱ መቆሚያ አጥተው የሰጠሙት ለዚህ ነው አለችን። የአሳውን መተንፈሻ ይልጠዋል፤ ሲበሰብስ ደግሞ ውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሰዋል። ጣውላው ቢጣል ኖሮ ምናልባት ግማሹ ይተርፍ ነበር። ይህን የተናገረችው ማን እንዳነሳው ሳታውቅ ነው። ወንድሜ ቀና ብሎ አላየኝም።

"ሌላ ጫጩት ባስገባስ?" አላት።

"አይቸኩሉ፣ አባቴ። አንዳንዱ አረፋ በሳምንታት ይጠፋል። አንዳንዱ ግን የማይበሰብስ ነገር አለበት፣ ጭቃው ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል።"

"የእኛ የትኛው ነው?"

"አላውቅም። የሚመረምር መሣሪያ እዚህ የለንም።"

"ጎደሬ ብተክልበትስ?"

"እኔ ብሆን አልተክልም።"

"እስከ መቼ?"

"አላውቅም፣ አባቴ" አለች። አንገቷን ደፍታ ነበር፤ አሳዘነችኝ።

ወንድሜ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ታች አልወረደም። መጀመሪያ ሁለት ሰዓት፣ ቀጥሎ አራት ሰዓት ላይ ይነሳ ጀመር፤ ከዚያ መነሳቱን ተወ። ጣሳውን ከበሩ ጀርባ አንስቼ ዕቃ ቤት አስገባሁት።

የማውቀው ሥራ ደብዳቤ መጻፍ ነው። ለከተማው ጽሕፈት ቤት ጻፍኩ። የጠየቅሁት ሁለት ነገር ነው፤ አረፋ ሲረጭ ወደ ወንዙ የሚወስደው ቦይ በአሸዋ ጆንያ እንዲዘጋ፣ ካልተቻለም አንድ ሰው ወርዶ ከታች ላለነው እንዲነግረን። ማስጠንቀቂያችን ሽታ ብቻ መሆኑን፣ ይህ ደግሞ ሽታ እንደሌለው አስረዳሁ። የሞተውን ሁሉ በተራ ጻፍኩ፤ አሳውን፣ የእንቁራሪቱን እጭ፣ ነፍሳቱን፣ በኋላ ድንጋይ ላይ ደርቀው ያገኘኋቸውን ሸርጣኖች። የኩሬውን መግቢያ የከፈትኩት እኔ መሆኔንም ጻፍኩ።

እንዲፈርምበት አልጋው ድረስ ወሰድኩለት። በክርኑ ተደግፎ አነበበው።

"ይህን ዓረፍተ ነገር አውጪው።"

"ለምን?"

"ጥፋቱን ሁሉ ባንቺ ላይ ያደርጉታል።"

"ከጥፋቱ የእኔም አለበት።"

እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደ። ከዚያ ፈረመና ወረቀቱን ሳያየኝ መለሰልኝ።

በማግስቱ ብቻዬን ወሰድኩት። መዝገብ ቤት ያለው ሰው እስከ መጨረሻው አነበበው፤ ብዙዎቹ ሳያነቡ ነው ማኅተም የሚመቱት። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገ።

"እናቴ፣ መግቢያውን የከፈቱት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"ይህ ባይጻፍ ይሻል ነበር። ይህን ካዩ ሌላውን አያዩትም።"

"ሌላውም እውነት ነው" አልኩት። "ማኅተሙን ምታበት።"

መታበት። ግልባጩን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ለወንድሜ ምሳ ለማድረስ ወደ ቤት ተመለስኩ። መልስ እስካሁን አልመጣም።