ከአጠገቡ የምትቆመው

እማማ ፎጣን ሥራሽ ምንድን ነው ብሎ የጠየቃት ሰው ቀጥ ያለ መልስ አግኝቶ አያውቅም። ልብስ አጣቢ ነኝ እንዳትል የሚያጥበው ማሽኑ ነው። አስተማሪ ነኝ እንዳትል ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ናት፤ ደግሞስ ቀኑን ሙሉ አፉን ሳይከፍት የሚውል አስተማሪ ማን አይቶ ያውቃል? እውነቱን እኔ ልንገራችሁ፣ ሥራዋ መቆም ነበር። እጆቿን ወደኋላ አጣምራ ሰው አጠገብ መቆም። በዚህ ሥራ አሥራ ስድስት ዓመት ደመወዝ ተቀብላለች፤ ጎረቤቶቿም "ታድለሽ" ይሏታል። ሲቆም የዋለ ሰው ወገቡ እንዴት እንደሚሆን እነሱ ምን ያውቃሉ።

የምትቆምበት ቤት በሰፈር ሰዎች መዋጮ የተጀመረ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፣ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ረጅም አዳራሽ። መማርና ማስታወስ የሚከብዳቸው ሃያ ሁለት ጎልማሶች በየጠዋቱ ይመጡና የፀጉር ቤቶችን ፎጣ፣ የእንግዳ ማረፊያዎችን አንሶላ ያጥባሉ፣ ያሰጣሉ፣ ያጣጥፋሉ። እዚያ ቤት "ምስኪን" የሚል ቃል ክልክል ነው፤ "አባላት" ነው የሚባሉት። እማማ ፎጣ የሚለውን ስም ያወጡላትም እነሱ ናቸው። አንድ ጊዜ ሥራ አስኪያጇ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ብላ በትልቁ ጽፋ ግድግዳ ላይ ብትለጥፍ፣ አንዱ አባል ጽሑፉን አስነበበና በማግስቱ ከቤቱ እንቁላል ይዞ መጣ። ከጽሑፉ ሥር አስቀመጠው፤ ይጠብቅም ጀመር። ነገሩ የታወቀው ከሳምንታት በኋላ፣ አዳራሹ መሽተት ሲጀምር ነው። እንቁላሉም ጽሑፉም አብረው ተነሱ።

ያ ሰው የእማማ ፎጣ ታናሽ ወንድም ነው። ዕድሜው አርባ ሞልቶታል፤ ሰው ማዘዝ ስለሚወድ "አለቃ" ይሉታል። እናታቸው በሕይወት ሳለች ሸሚዙን የምትቆልፍለት እሷ፣ ጫማውን የምታስርለት እሷ፣ የሚበላውን ቆራርሳ የምታቀርብለት እሷ ነበረች። ከፍቅር ነው፣ ማን ይወቅሳታል። ልጁ ግን እስከ ሃያ አራት ዓመቱ መስኮት ሥር ተቀምጦ መንገደኛ ሲያይ ኖረ። እናት ስትሞት እህት ወንድሟን የምትተውበት ቢቸግራት እጁን ይዛ ሥራ ፍለጋ ወጣች፤ መጋዘኑ ውስጥ የተቀጠረችውም እሱን አስከትላ ነው።

ድርጅቱን የመሠረቱት አሮጊት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ ፎጣ አለቃ ፊት አስቀመጡና ወደ እህቱ ዞሩ።

"እጅሽን ከኋላሽ እሰሪው" አሏት። "አንቺ ካልነካሽው እሱ ይነካዋል።"

ቆመች። ወንድሟ ፎጣውን አየ፣ እሷን አየ፣ መስኮት ፈለገ። ወይ ፍንክች። በማግስቱም እንደዚያው። እጇ ሊያመልጣት ሲል የሽርጧን ማሰሪያ ከኋላ ጨብጣ ታስቀረዋለች። በአርባ ሦስተኛው ቀን አለቃ ፎጣውን አነሳና፣ ሌሎቹ ሲያደርጉ እንዳየው፣ በሦስት አጠፈው። ያን ቀን ሽንት ቤት ገብታ በሩን ቆልፋ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ሥራው ያው ነው። እሷ ከቆመች ያጥፋል፤ ዞር ካለች ፎጣውን እንደያዘ ይጠብቃታል። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ፤ የዚያ ቤት ሙያ ዝምታ ነው።

እንግዲህ ጣጣው የመጣው ዘንድሮ ነው። ለድርጅቱ ገንዘብ የሚሰጠው ተቋም እጁ አጠረው። እንደ ድሮው ለሁሉም መስጠት አልችልም፣ ገምጋሚ ልኬ አጣራለሁ አለ። ከገምጋሚው በፊት ደግሞ ቅጽ ላከ። ለእያንዳንዱ አባል አርባ ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሦስት ሳጥን፤ ያለ እርዳታ ይችላል፣ በእርዳታ ይችላል፣ አይችልም። ሥራ አስኪያጇ ገና ሠላሳ ያልሞላት ልጅ ናት፤ በእንቅልፍ እጦት ዓይኗ ቀልቷል።

"እትዬ፣ የአለቃን እርስዎ ይሙሉት" አለቻት። "ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም።"

"ያለ እርዳታ ይችላል ብዬ ብሞላስ?"

"እንግዲያው ድጋፍ አያስፈልገውም ይሉና ያስወጡታል።"

"አይችልም ካልኩስ?"

"ይህን ሁሉ ዓመት ለውጥ ካላሳየ ምን ይሠራል ይሉና ያስወጡታል።"

"እንግዲያው መሐለኛው ላይ ምልክት አደርጋለሁ።"

"መሐለኛው ላይ ካደረጉ እርዳታው ምን እንደሆነ መጻፍ አለብዎት። ምን ተደረገለት፣ በቀን ለስንት ሰዓት።"

"እቆማለሁ።"

ሥራ አስኪያጇ ግንባሯን ያዘች። "እትዬ ይሙቱ፣ መቆም ብለው እንዳይጽፉ። ለቆመ ሰው ነው ወይ ደመወዝ የምትከፍሉት ይሉናል።"

ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው። እማማ ፎጣ ቅጹን ይዛ ቤቷ ገባች፤ እሁድ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በእርሳስ ትሞላ ጀመር። ፊቱን ይታጠባል? በደንብ አድርጎ። ሸሚዙን ይቆልፋል? ከአንገቱ በቀር። እንዲህ እያለች አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ደረሰች። "ፎጣ ወይም ልብስ ያጣጥፋል?" እዚህ ላይ እርሳሷ ቆመ። የሚያጥፈው የእሱ እጅ ነው፤ እሷ አንድም ቀን ነክታው አታውቅም። ስለዚህ ያለ እርዳታ ነው። ግን እሷ ከሄደች አያጥፍም። ስለዚህ በእርዳታ ነው። እርዳታው ምንድን ነው? ምንም። እንዴ፣ ምንም የሆነ ነገር እንዴት ይጻፋል? ጻፈች፣ በላጲስ አጠፋች፣ ደግማ ጻፈች፤ ወረቀቱ ተበሳ። እሷን ያስፈራት ቅጹ አልነበረም። ወንድሟ ከዚያ ቤት ከወጣ ተመልሶ መስኮቱ ሥር ነው የሚቀመጠው፤ ይሄን እንደ ስሟ ታውቃለች።

"ወንድምዓለም" አለችው፣ "ፎጣ ስታጥፍ እኔ እረዳሃለሁ?"

አለቃ በጥሞና አሰበበት። "አትረጂኝም። ትቆሚያለሽ።"

"ባልቆምስ?"

"የት ልትሄጂ ነው?"

ከእሱም የሚጻፍ ነገር አልተገኘም። አሥራ ሰባተኛውን ባዶ ትታ፣ ቀዳዳውንም እንዳለ ትታ፣ ቅጹን አጠፈችው። ሰኞ ለሥራ አስኪያጇ ስትሰጣት "እሱን ብቻ አታስወጡብኝ" ብላ ለመነቻት።

ገምጋሚው የመጣው ረቡዕ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ ሁለት ሰዓት ላይ መጣ፤ ያውም በፊት ለፊት ሳይሆን ልብስ በሚሰጣበት በጓሮው በር። ሥራ አስኪያጇ ዋናው በር ላይ ትጠብቀዋለች። ከሁለቱ አሠልጣኞች አንዱ ልብስ ተኳሹ ነው፤ እሱ የካውያ ክፍሉ እንፋሎት ውስጥ ነው። ሌላዋ፣ እማማ ፎጣ፣ ደግሞ ማሽን ክፍል ገብታ እርጥብ አንሶላ ታወጣለች። ጓሮው በር ላይ የነበረው የሳምንቱ የበር ተረኛ፣ አለቃ ብቻ ነው።

ቤቱ ደንብ አለው። አዲስ ሰው በር ላይ ግራ ተጋብቶ ቆሞ ካየህ ጥያቄ አታብዛበት፤ ቢጫ የልብስ መቆንጠጫ ደረቱ ላይ ሰካለትና ጠረጴዛ አጠገብ ቦታ ስጠው። ሃያ ሁለቱም የገቡት እንዲህ ነው። ገምጋሚው ደግሞ ቦርሳውን ታቅፎ፣ ከተሰጣው አንሶላ ሥር ጎንበስ ብሎ ሲወጣ፣ ከአዲስ ሰውም አዲስ ይመስል ነበር።

"ለማየት ነው የመጣሁት" አለ።

"ሁሉም መጀመሪያ እንደሱ ነው የሚለው" አለው አለቃ። "አይዞህ። ቦርሳህን እዚያ ስቀለው።"

እማማ ፎጣ ቅርጫቷን ተሸክማ ስትገባ ያየችውን ማመን አቃታት። ኮት የለበሰ የማታውቀው ሰው፣ ደረቱ ላይ ቢጫ መቆንጠጫ፣ ከፊቱ የፀጉር ቤት ፎጣ። አጠገቡ ወንድሟ፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ። ሰውዬው ማን እንደሆነ ከቦርሳው ላይ ያለውን የተቋሙን ምልክት አይታ ለየች። አለቀልን አለች በሆዷ። ወንድሜ በገዛ እጁ ራሱን አስወጣ።

ገምጋሚው ፎጣውን በአራት አጠፈና አለቃን አየው። አለቃ ዝም።

"ልክ አይደለም?"

ዝም።

ሰውዬው ዙሪያውን አየ። ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት አባላት ሁሉ በትዕግሥት ይጠብቁታል፤ አንዷማ አይዞህ በሚል ዓይን ፈገግ ብላለታለች። እማማ ፎጣ ቅርጫቱን አስቀምጣ "ይቅርታ ጌታዬ" ብላ ልትገባ አንድ እርምጃ ስትራመድ፣ አለቃ ዞር ሳይል አንድ እጁን አውጥቶ መዳፉን አሳያት። ጠብቂ ማለት ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እሷ እጃቸው ለሚቸኩል አዳዲስ በጎ ፈቃደኞች ስታሳየው የኖረችው ምልክት ነው። ምን ታድርግ፣ የጨው ሐውልት ሆና ቀረች።

ገምጋሚው ከጎኑ ያለውን የታጠፈ ክምር አየ፣ ፎጣውን ፈታ፣ በሦስት አጠፈ። ጫፉ አልገጠመም። ፈታው። ላብ ላብ አለው። በሦስተኛው ገጠመ።

"ጎበዝ" አለ አለቃ። "አሁን ሠላሳ ዘጠኝ ቀርተውሃል።"

ይህን ብሎ ከጎኑ የራሱን ክምር ሳበና ማጠፍ ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሰባት ፎጣ። እህቱን አላያትም። ማንም አጠገቡ አልቆመለትም፤ የቆመው እሱ ነው። እማማ ፎጣ የሽርጧን ማሰሪያ ከኋላ ጨብጣ ይህን አየች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስም ብሏታል። ታዲያ ይሄ ደረቷን የሚወጋት ምንድን ነው? ቅናት ነው? በገዛ ወንድም ይቀናል? አልገባትም፤ እኔም ልዋሻችሁ አልችልም፣ እስከ ዛሬ አልገባትም።

ሥራ አስኪያጇ እየሮጠች ስትደርስ ገምጋሚው አሥራ ሁለተኛው ላይ ነበር። አልተቆጣም። መቆንጠጫውን ከደረቱ ነቅሎ እያገላበጠ፣ "ምንም አልነካልኝም፣ ምንም አልነገረኝም" አለ። "ባይቆም ኖሮ ግን በአንዱ ትቼው ነበር።" ከዚያ የአለቃን ቅጽ ጠይቆ አገላበጠ፤ ቀዳዳዋ ላይ ጣቱን አኖረ። "ይሄ ለምን አልተሞላም?"

"ጌታዬ" አለች እማማ ፎጣ፣ ስትጨነቅበት የከረመችው ነገር ከአፏ አምልጦ፣ "መቆም እርዳታ ነው?"

ሰውዬው ትንሽ አያት። ከዚያ ማስታወሻው ላይ የሆነ ነገር ጻፈ።

ደብዳቤው በወሩ መጣ። ሥራ አስኪያጇ ቢሮዋ ውስጥ፣ ለተኳሹና ለእማማ ፎጣ አነበበችላቸው። ሃያ ሁለቱም አባላት ይቆያሉ ይላል። እዚህ ላይ ተኳሹ ተመስገን አለ። ቀጥሎ ያለውን ስታነብ ቀና አላለችም። አባላቱ አጠገብ የመቆሙን ሥራ ከመካከላቸው የለመዱት መሥራት እንደሚችሉ በዓይን ስለታየ፣ ከሁለቱ አሠልጣኞች የአንዱ ደመወዝ ብቻ ይከፈላል።

ማን እንደሆነ ማንም አልተናገረም። ማሽኑ ሲቆም የሚያስነሳው ተኳሹ ብቻ ነው፤ እሱ መሬት መሬት ያያል።

"እኔ ነኛ" አለች እማማ ፎጣ።

"እትዬ..."

"ተይ ልጄ። እሱን ብቻ አታስወጡብኝ ብዬ ነው የለመንኩት። ይኸው ቆየልኝ።"

እውነቷን ነው፤ ቃል በቃል ይህንኑ ነው የለመነችው። ታዲያ ስትወጣ የካውያ ክፍሉን በር የመውጫው በር መስሏት ከፍታ እንፋሎቱ ውስጥ ቆማ ቀረች። ተኳሹ መጥቶ በክንዷ ይዞ አወጣት።

ከመጪው ወር ጀምሮ አንድ እንግዳ ማረፊያ አንሶላ ልታጥብ ተስማማች። እስከዚያው ቤት ናት። በመጀመሪያው ሰኞ አለቃ ሸሚዙን ቆለፈ፣ አንገቱን እሷ ቆለፈችለት፣ ቦርሳውን ያዘ። ከልማድ የተነሳ እሷም ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የመንገዱን አደረገች።

"አንቺ ዛሬ የለሽም" አላት። "እኔ ቆሚ ነኝ ብለውኛል።"

"እሺ ወንድምዓለም።"

መንገዱን ሲሻገር፣ ግራ ቀኙን አይቶ ሲሻገር፣ መስኮቱ ሥር ሆና አየችው። ከዚያ ወደ ቤት ሥራዋ ዞረች። አልጋው ላይ የደረቀ የቤት ልብስ ተከምሯል፤ ከላይ አንድ ፎጣ አለ። አጠገቡ ተቀመጠች። ይህችን ለማጠፍ ምን ይጠይቃል? አነሳቻት፣ አስቀመጠቻት። ውሃ ጠጣች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። እጇ አለ፣ ፎጣዋ አለች፣ ጊዜውም አለ፤ የጎደለው ምን እንደሆነ ግራ ገባት። እንዲሁ መንገደኛ ስታይ ዋለች።

አሥር ሰዓት ላይ አለቃ ገባ። ቦርሳውን ሰቀለ። እህቱን አየ፣ አልጋው ላይ ያለውን ክምር አየ። ምን ሆነሽ አላላትም። መጣና አጠገቧ ቆመ፤ እጆቹን ወደኋላ አጣመረ።

ብዙ ቆዩ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ሳለ ፎጣዋን አነሳችና አጠፈች። ቀና ብላ አየችው። ዝም አላት። እጇን ብታየው ለካ በአራት ነው ያጠፈችው። ፈታችና በሦስት አጠፈቻት።