ከቀኝ የተሞላው ወረቀት

ባለፈው ወር ሴት ልጄ ስልኬ ላይ አንድ ነገር ጫነችልኝ። በኢንተርኔት በነጻ የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ ሥነ ጥበብ በሉት፣ ኅብረተሰብ በሉት፣ ሳይንስ፣ ንግድ፣ የሌለ የለም። «አባዬ፣ ቤት ከምትቀመጥ ተማር» አለችኝ። ወይ ጉድ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጠመኔ ብናኝ ስቅም ኖሬ፣ አሁን ደግሞ ተማር? ግን እምቢ ማለትም ጉልበት ይጠይቃል። የመጀመሪያውን ፈተና ስከፍት ከጥያቄው ስር አራት ባዶ ክቦች ተደርድረዋል። ስልኩን አስቀምጬ ከቤት ወጣሁ።

ክቦቹ ያስታወሱኝ ነገር ክልላችን ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ የሆነ ነው። አሶሳ ያኔ ቢሮው ሁሉ በሩ ላይ ሰሌዳ እንጂ ውስጡ ወንበር አልነበረውም። እኔ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ነኝ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ስፈልግ፣ በነጻ በሚሰጥ የርቀት ትምህርት አስጠኚ ሆኜ ተቀጠርኩ። ትምህርቱ በመኪና ተጭኖ ነበር የሚመጣው። አራት መጽሐፍ ነው፤ ቋንቋና ጥበብ፣ ኅብረተሰብ፣ ሳይንስ፣ ንግድ። መንገዱ በክረምት ሲቆረጥ ትምህርቱም ይቆረጣል።

ከተማሪዎቼ ሁሉ ጋሽ ኢድሪስን የሚያህል አልነበረም። የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናቸው፤ በልጅነታቸው ሱዳን ተሻግረው በዐረብኛ የተማሩ። ያኔ በአንድ ቢሮ ንብረት ክፍል ውስጥ በጊዜያዊነት ይሠሩ ነበር። የዚህን ትምህርት ፈተና ካለፉ ቋሚ ይሆናሉ፤ ከወደቁ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ፈተናው ደግሞ አንዴ ብቻ ነው።

ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ በግቢያቸው ማንጎ ስር እንቀመጣለን። የበሰለው ማንጎ አንዳንዴ መጽሐፉ ላይ ዱብ ይላል። ልጃቸው ዘይነብ ከርከዴ፣ ያን ቀይ የአበባ መጠጥ፣ ቀድታልን አጠገባችን ቁጭ ትላለች፤ ስድስተኛ ክፍል ነበረች፣ ከክፍሏ አንደኛ። አባቷ አንድ ቃል ሲጠፋቸው እሷ ቀድማ ትናገራለች፤ እሳቸውም በኩራት ይስቃሉ። እኔን፣ ልጃቸው ልሆን የምችለውን፣ «ኡስታዝ» ነበር የሚሉኝ፤ መምህሬ ማለታቸው ነው።

«ኡስታዝ፣ ይሄ መጽሐፍ ውስጥ ሁሉ አገር አለ። በርታ የት አለ?» አሉኝ አንድ ቀን፣ የኅብረተሰቡን መጽሐፍ እያገላበጡ።

«በሚቀጥለው ይጨመር ይሆናል፣ ጋሽ ኢድሪስ።»

«ኢንሻአላህ» ብለው ተንከተከቱ።

የጠየቅኋቸውን ሁሉ በቃል ይመልሱልኝ ነበር። የመልስ ወረቀቱን ግን አንድ ቀን እንኳ አላሳየኋቸውም። አሞላሉን እንዳስረዳ ታዝዤ ነበር፤ ሰነፍኩ። ምን አስቸጋሪ ነገር አለው ብዬ።

ፈተናው ባለቀ ማግስት ከአዲስ አበባ የመጡት አስተባባሪ አጠገቤ ተቀምጠው፣ እኔ ወረቀቱን ማረም ጀመርኩ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አራት ባዶ ሳጥን ነው፣ ፊደል የለውም። የተበሳ ካርቶን ከላይ ይደረጋል፤ በቀዳዳው የታየው ምልክት ይቆጠራል። የጋሽ ኢድሪስ ላይ ሳደርገው ባዶ ሆነ። ከየቀዳዳው ነጭ ወረቀት ብቻ አየሁ። «ወደቀ» ብዬ ለአስተባባሪው ነገርኳቸው፤ መዘገቡ።

ወረቀቱን ሳስር ግን ሁሉን በቃል የመለሱልኝ ሰው እንዴት አንድም አያገኙም አልኩ። ካርቶኑን ግራውን ወደ ቀኝ ገልብጬ መልሼ አደረግሁት። ምልክቶቹ አንድ በአንድ ከቀዳዳው ብቅ አሉ! ሰውዬው አንድም አልሳቱም። የመጀመሪያው ሳጥን የቱ እንደሆነ የነገራቸው ስለሌለ፣ በዐረብኛ እንደለመዱት ከቀኝ ነበር የቆጠሩት።

ውጭ የአስተባባሪው መኪና ሞተሩ ተነስቷል። ዝናብ አንዣቧል፣ አስተባባሪው «ቶሎ በል እንጂ!» ይላሉ። ብናገር «አሞላሉን አላስረዳህም?» መባሌ ነው፤ የእኔም እንጀራ እዚያው ላይ ነው። ደግሞም ደክሞኝ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ እስሩን አቀበልኩ። ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት ጋሽ ኢድሪስ እኔን ሊያጽናኑ መጡ። «አንተ ጥሩ አስተማርክ፣ ኡስታዝ። የእኔ ራስ ነው እምቢ ያለ። እኛ ቤት ራስ ለወረቀት አልተሠራም፤ ኻላስ፣ አለቀ።» በዚሁ ምክንያት በቀጣዩ መስከረም ዘይነብን ከትምህርት ቤት አስቀሯት። ሰምቼ ዝም አልኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለውን ሰው ባገኘው አንድ የምነግረው ነበረኝ።

እናም ያን ቀን ስልኬን ጥዬ ስወጣ እግሬ ወደ እሳቸው ቤት ወሰደኝ። አርጅተዋል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ካርቶኑን ሳይቀር በእጄ እየገለበጥኩ አሳየኋቸው። አልተቆጡም።

«እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ለእኔ ምን ያደርጋል?» አሉ። «ለዘይነብ ንገር።»

ዘይነብ ገበያ ውስጥ ባሚያ ትሸጣለች። ዛሬ የአርባ ምናምን ዓመት ሴት ናት፤ ሰው ስታይ ፊቷ ፈታ ይላል። ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። «ኡስታዝ፣ እንደምን ዋልክ?» ትለኛለች፣ እንደ አባቷ። ሦስቴም ባሚያ ገዝቼ ተመለስኩ።