አሥራ ሁለት ምላስ

የሚስቴ ወንድም በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ኮምፒውተሬ ላይ ሰባት ወር ከአራት ቀን አዋርዶኛል። አላጋነንኩም፤ ቆጥሬዋለሁ።

እንጅባራ ውስጥ ቀርከሃ እየሠራሁ ነው የኖርኩት፤ አልጋ፣ ወንበር፣ መደርደሪያ። ፊደል ሳልቆጥር ጸጉሬ ሸበተ። ኮምፒውተሩን ለልጆቼ ትምህርት ብዬ ያገለገለ ገዛሁ። ማስቀመጫውን ከቀርከሃ ሠራሁለት፣ ሚስቴ ዳንቴል አለበሰችው፣ ሳሎን ውስጥ እንግዳ ከሚቀመጥበት ፊት ለፊት ተቀመጠ። የሚስቴ ወንድም ያኔ ኮሌጅ እየተማረ እኛ ዘንድ ነበር የሚኖረው። ማሽኑን የሚያዘው እሱ ነበር።

የቤቱ ካርታ የወጣልኝ ቀን አብሮኝ ማዘጋጃ ቤት ሄደ። "ጋሼ፣ ወረቀቱን እኔ አነብልዎታለሁ" ብሎ። አነበበልኝ። ከዚያ ጸሐፊዋ አውራ ጣቴን ይዛ የማኅተም ቀለም ውስጥ ነከረችው፤ ወረቀቱም ላይ እሷው ይዛ አስጫነችኝ። ይሄኔ ነው በሞባይሉ ያነሣኝ። ጎንበስ ብዬ፣ ምላሴን በከንፈሬ ጥግ አውጥቼ፣ አንዲት የልጄ እኩያ ጣቴን እንደ ሕፃን ጣት ይዛኝ። ሲያነሣኝ አላየሁትም።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ዝክር ነበረን፤ ቤቱ ሞልቷል። ልጁ "መዝሙር ልክፈት" ብሎ ዳንቴሉን ገለጠና ኮምፒውተሩን አበራው። ስክሪኑ ከጥግ እስከ ጥግ እኔ ነበርኩ። ፊቴን እንዳይሸፍኑት ፋይሎቹን ሳይቀር ወደ ዳር ደርድሯቸዋል።

"ኧረ ምላሱን እዩት!" አለ አንድ ጎረቤቴ። "በምላሱ ሊፈርም ነው እኮ!"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፣ መሳቄ።

እንግዳው ሲወጣ "አንሣው" አልኩት። "እሺ ጋሼ፣ ነገ" አለ። በነጋታው ምን ቢያሳየኝ ጥሩ ነው? ያንኑ ፎቶ አሳንሶ እንደ መጋረጃ አበባ ደርድሮታል። አሥራ ሁለት ሆኛለሁ። አሥራ ሁለት ምላስ። ልጆቼ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሥዕሉን አንሡልኝ አላልኳቸውም፤ ውርደቴን በልጆቼ እጅ ባስነሣ ሌላ ውርደት ነው የሚሆንብኝ። አንድ ቀን ሶኬቱን ነቀልኩት፣ ሥዕሉ አብሮ የሚጠፋ መስሎኝ። ስሰካው ምላሴን አውጥቼ ተመለስኩ። መብራት ሲሄድ ሰፈሩ ይራገማል፤ እኔ ብቻ ደስ ይለኝ ነበር።

ቀኑን የቆጠርኩት በታቦት ነው። ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ እንደገና ሚካኤል።

ያን ሰሞን ቀበሌያችን ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ጀመረ። ገባሁ። "በዚህ ዕድሜህ ምን ሊያደርግልህ?" ሲሉኝ "ዳዊት ልደግምበት" እል ነበር። ውሸቴን ነው፤ ለበቀል ነው የተማርኩት። ሀሁውን ስጨርስ የእንግሊዝኛውን ፊደል ከልጆቼ ደብተር ላይ ለቀምኩ። ልጁ ሥዕል ሲቀያይር ከኋላው ቆሜ አያለሁ። ባዶው ቦታ ላይ የማውሱን ቀኝ ይጫናል፣ ዝርዝር ይወርዳል፣ የመጨረሻው መስመር በፒ ይጀምራል። እዚያች ፒ ጋ ለመድረስ ሰባት ወር ፈጀብኝ። የሰኔ ኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ ተጫንኳት። ራሴን አወረድኩና ምንም የሌለበት ሰማያዊ አደረግሁት። ለማንም አልተናገርኩም። ልጁም ከልጆቼ አንዱ ያነሣው መሰለው።

ወረደ እንጂ አልተካስኩም። ሰላምታውን መመለስ ተውኩ።

ክረምቱ ሲወጣ ዳንግላ መጋዘን ውስጥ ሥራ አገኘ። ዋስ አምጣ አሉት፣ ቤት ያለው ዋስ። ካርታ ያለው ደግሞ በዘመዱ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ። ያችው የሳቀባት ካርታ።

የጥቅምት ማርያም እሑድ ሦስት ሽማግሌ ይዞ መጣ። እኔን በአማርኛ ያባብሉኛል፣ እርስ በርሳቸው በአገውኛ ያወራሉ፤ ሁለቱንም እሰማለሁ። "ይሄ ሰውዬ ድንጋይ ሳያይ አይለቅም" ተባባሉ። ልክ ናቸው።

"ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቀኝ" አልኩ።

"ለፎቶ? ሰው ገደለ እንዴ?"

"አዎ፣ እኔን።"

ልጁ ጓሮ ሄዶ አንድ ድንጋይ አመጣ። "ይቺማ ጉልቻም አትሆን፤ ሌላ አምጣ" ብዬ መለስኩት። ሁለተኛውን በማጅራቱ ተሸክሞ ኮምፒውተሩ ሥር ተንበረከከ። "ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጨዋታ መስሎኝ ነው" አለ። ጎንበስ ሲል ከኮቱ ኪስ አንዲት ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ወደቀች።

"ምንድን ናት?"

"የ... የማኅተም ቀለም ናት ጋሼ። ለፊርማው እንዳይቸግርዎት ብዬ።"

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ።

ሞባይሌን አወጣሁ። "ቀና በል" አልኩትና አነሣሁት፣ ከነድንጋዩ።

"አንተ ሰውዬ፣ እርቅ ነው ወይስ ፎቶ ቤት?" አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ።

"ሁለቱም ነው አባቴ።"

የዋስትናውን ወረቀት ተቀበልኩና እሱ እንደተንበረከከ፣ ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አንድ ገጽ ናት፤ እኔ ግን ቶሎ አላነብም። ከዚያ ድንጋዩን አነሣሁለት፣ "ይቅር ለእግዚአብሔር" አልኩ፣ በብዕር ፈረምኩ። እነሱ ቁጭ ብለው እያዩ የሞባይሌን ገመድ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁ። ፎቶውን አስገባሁ፣ ያችን ፒ ተጫንኩ፣ ስክሪኑን በእሱ ሞላሁት። ፋይሎቹንም ወደ ዳር ደረደርኳቸው።

"እስከ መቼ ሊቆይ ነው?" አለ ልጁ።

"እኔ የቆየሁትን ያህል።"

ሚስቴ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። "ወንድሜ ነው እኮ!"

"እኔስ ባልሽ አልነበርኩም? ሰባት ወር ዳንቴል እያለበስሽኝ ዝም አልሽ።"

"ይቅር ብለኸው የለ!"

"እኔ ብያለሁ። ኮምፒውተሩ አላለም።"

የልጁ እጮኛ ወገኖች ሊያዩን የመጡ ቀን ፎቶውን አሳነስኩትና አሥራ ሁለት አደረግሁት። አንዲት አሮጊት ተጠግተው አዩና "ይሄ ድንጋይ ተሸካሚ ሁሉ የማን ነው?" አሉ። "የኛው ነው እትዬ፣ አሥራ ሁለቱም" አልኳቸው። ሚስቴ ወደ ጓዳ ገባች። ለፋሲካ ወንድሟ ቤታችን ሳይመጣ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ሰው ላኩብኝ፤ ቀኑን ነግሬ መለስኳቸው።

ቀኑ ሲሞላ ጠዋት ተነሣሁና አወረድኩት። አንድ ቀን አልጨመርኩም፣ አንድ ቀን አልቀነስኩም። ሚስቴ ሰማያዊውን አየች፣ እኔን አየችኝ፣ ስልኳን አነሣች።

"ና" አለችው። "አውርዶሃል።"

ሐሙስ፣ ግንቦት 25 ቀን 2008 ዓ.ም.