ግራ እጇን ያላነሳችው ጥሩአየሁ

ጥሩአየሁ የቡናውን ጆንያ አፍ ሁለቴ ታጥፋለች፣ በጆንያ መርፌ ሲባጎ ታስገባለች፣ ጫፉን ቋጥራ እያጠበቀች ትሰፋለች። በሰቶ ሰመሮ ሰፈር ባለው የቡና መጋዘን የሷን ስፌት የሚያህል አልነበረም። በ1971 በቀበሌ ስብሰባ ሁሉም ግራ እጁን አንስቶ መፈክር ሲያሰማ ግን እሷ ዝም ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ «ፀረ አብዮቷ» ተባለች፤ ሰው ሁሉ ራቃት። አብራት የምትሰፋው ፈድሊያ እንኳ ፈርታ መቀመጫዋን ወደ በሩ ወሰደች።

አንድ ቀን ፈድሊያ ከዚያው ሆና፣ «አንቺ፣ ብታነሺው እጅሽ ይቆረጣል?» አለቻት።

«እኔ እጄን የማነሳው ለጌታ ብቻ ነው።»

«ያ ረቢ! ምን ዓይነት ግትር ናት!»

ጥሩአየሁ ሳቀች፤ ሳምንቱን ሙሉ ያናገራት ሰው አልነበረም።

ስለ እሷ ልጽፍ መሆኔን ስነግራት፣ «ለሚያነቡት ንገርልኝ» አለችኝ፤ «በመጋዘኑ በር ስታልፉ፣ መግባቱ ቢያስፈራችሁ፣ ከውጭ ሆናችሁ ጥሩአየሁ ብላችሁ ጥሩኝ።»