ከመብራቱ ሥር ያጨበጨበው ሰው

ኦኖራ ፔሪሶል በሰው ሠርግ ላይ እንኳ አያጨበጭብም። የሰፈራችን ሰዎች ኩራተኛ ይሉታል። እኔ ግን በዚያ ምሽት በቴአትር ቤታችን መድረክ ግርጌ፣ ቃል ለጠፋው ተዋናይ ቃል ከማቀብልባት ጉድጓዴ ሆኜ ሁሉን አይቻለሁና፣ እጆቹን ምን እንዳሰራቸው አውቃለሁ።

ከገጠር ወደ ፓሪስ ሲመጣ የእንጨት ጫማ ጠራቢ ነበር። ሰው የሚያለቅሰው ሲያዝን፣ የሚያጨበጭበው ደስ ሲለው ብቻ ይመስለው ነበር። እንዲህ ያለው የዋህ በቅጥረኛ አጨብጫቢነት እንጀራ ማግኘቱ ዛሬም ይደንቀኛል። ያስቀጠረው የአገሩ ልጅ ባርናቤ ነው፤ ባርናቤም ሲታዘዝ የሚያነባ፣ ሲታዘዝ ሆዱን ይዞ የሚስቅ፣ ከልቡ ግን አንዱንም የማያደርግ ሰው ነበር።

በእኛ ዘንድ ቅጥረኞቹ በትልቁ ተንጠልጣይ መብራት ሥር ይቀመጣሉ። አለቃቸው ሙሴ ካዞ በትሩን ወለሉ ላይ ጠቅ ሲያደርግ ያጨበጭባሉ፤ ካላደረገ ዝም ይላሉ። እዚያ የተቀመጠ ሁሉ ተከፍሎት እንደመጣ የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። ተዋናዮችም ለካዞ እጅ መንሻ ይልካሉ፤ ያልላከውን የአዳራሹ ዝምታ እንደ ብርድ ይመታዋል።

ተዋናይቷ ማዳም ኢርማ ቮክለን ግን አልላኩም። የቴአትር ቤቱ ሹም ደግሞ በዚያ ምሽት ተመልካቹ ካልተቀበላቸው እንደሚያሰናብታቸው ቁርጡን ነግሯቸው ነበር። ይህን ሲሰማ የኦኖራ ፊት አመድ መሰለ። በልጅነቱ፣ በመንደሩ ጎተራ ውስጥ ሲተውኑ አይቶ ያለቀሰላቸው እሳቸው ነበሩና።

«ባርናቤ፣ ዛሬ ዝም በል ነው የምትለኝ?»

«እኔ ምን ቤት ነኝ? በትሩ ነው የሚልህ።»

«ጥሩ ቢጫወቱስ?»

«ዳኛ ነህ እንዴ? የተቀጠረው መዳፍህ ነው። ልብህን ቤትህ ትተኸው ና።»

«ሰው እንዴት ልቡን ቤቱ ትቶ ይወጣል?»

«ይኸው እኔ! ሃያ ዓመት ሙሉ ትቼው ስወጣ አንድም ሌባ አልነካብኝም።»

መጋረጃው ተገለጠ። ማዳም ኢርማ የልጇን ሞት የተረዳች እናት ሆነው ቆሙ። እንደ ሌሎቹ አልጮኹም፣ ደረታቸውንም አልደቁም፤ ቁጭ ብለው የሟቹን ሸሚዝ ቀስ አድርገው ማጠፍ ጀመሩ። አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። አንዲት ወይዘሮ መሐረብ አወጡ። የካዞ በትር ዝም እንዳለ ነው፤ ነገር ግን ያ ጸጥታ ሊፈነዳ አንድ አፍታ ብቻ ቀርቶት ነበር።

ኦኖራ አልጠበቀም። እንባው በጉንጩ እየወረደ ብድግ ብሎ፣ «ግሩም! እማማ ኢርማ፣ ግሩም!» እያለ ብቻውን ያጨበጭብ ጀመር።

የአዳራሹ ዓይን ሁሉ ወደ መብራቱ ሥር ዞረ።

«እዩልኝ!» አለ ከላይኛው ሰገነት አንድ ድምፅ፤ «ለማዳም ኢርማ ገንዘቡ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የደረሳቸው!»

«እንባውስ ምርቃት ነው?» አለ ሌላው።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ወይዘሮዋ መሐረባቸውን መልሰው ከተቱ። ኦኖራም ያልሰሙት መስሎት አብልጦ አጨበጨበ፤ ሳቁም አብልጦ ናረ። ሸሚዙ ከማዳም ኢርማ ጉልበት ላይ ወደቀ።

«ተቀመጥ፣ አንተ ሰው! ገደልካቸው እኮ!» አለ ባርናቤ ኮቱን እየጎተተ።

«እኔ? ከልቤ ነው እኮ!»

«ማን ያውቅልሃል? የተቀመጥክበትን አታይም?»

ኦኖራ ቀና ብሎ መብራቱን አየ። መዳፎቹ እንደተነጣጠሉ በአየር ላይ ቀሩ።

ቴአትሩ አልቆ እኔም ከጉድጓዴ ስወጣ፣ ሁለቱም በጓሮው በር ቆመው ይጠብቁ ነበር። ማዳም ኢርማ ቀሚሶቻቸውን በክንዳቸው ደራርበው ወጡ፤ ተሰናብተዋል። የኦኖራን ያበጡ መዳፎች አይተው፣ መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው በለሆሳስ ጠየቁት፦

«ልታስቅብኝ የላከህ ካዞ ነው፣ ልጄ?»

ኦኖራ መዳፎቹን ከጀርባው ደበቀ። ያን ጊዜ ያ ባርናቤ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ማንም ሳያዝዘው እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«ማዳም፣ በእናቴ አጥንት እምላለሁ፣ ከልቡ ነው!»

ማዳም ኢርማ ጥቂት ትክ ብለው አዩት።

«አንተ ደግሞ ከእሱ ትበልጣለህ» አሉት፤ «ሙያህን በደንብ ተምረሃል።»

ቀሚሶቻቸውን አስተካክለው ይዘው ሄዱ።