ስም የሌለውን የማይቀበል ማሽን

ወልቂጤ ውስጥ ለአንዲት የግል ክሊኒክ የካርድ ክፍሉን ፕሮግራም የምጠግነው እኔ ነኝ። የተጻፈው ፐርል በሚባል፣ ዛሬ ወጣቶቹ በሚስቁበት ቋንቋ ነው። ይሳቁ፤ ይሠራል። ታካሚ የሚባል ክላስ፣ ማለትም የመዝገብ ቅርጽ፣ አለ፤ በውስጡ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ የመሳሰሉ አትሪቢዩቶች፣ ማለትም የሚሞሉ ቦታዎች፣ አሉ። ለአትሪቢዩት ስም ማውጣት ቀላል ነው፦ በትንሽ የላቲን ፊደል ይጀምራል፣ ክፍት ቦታ አይገባበትም፣ አለቀ። ሽማግሌ አይጠበቅም።

ጣጣው ውስጡ የሚገባው ነው። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ሰልፍ ሲበዛባት በስም ቦታ «እንትን» እያለች ታልፍ ስለነበር፣ ኃላፊው ማጣሪያ አስገባ አሉኝ። አስገባሁ። ባዶ አይቀበልም፤ «ሕፃን»፣ «ያልታወቀ» የመሳሰሉትንም አይቀበልም። አንዴ የገባ ስምም አይቀየርም።

እኅቴ አራስ ልጇን ታቅፋ የመጣች ቀን ልጁ ትንፋሽ አጥሮት ነበር። ስም አልነበረውም። በባሏ ቤት ስም የሚያወጡት የባሏ አባት ናቸው፤ ያሰቡትንም እስከ ስም ማውጫው ቀን ድረስ ለማንም አይናገሩም። እሳቸው ደግሞ ራቅ ብለው አገና ከተማ ነበሩ። ያለ ካርድ ሐኪም ጋ አይገባም፤ ማሽኑ ያለ ስም እንቢ አለ፤ ኮዱን ከፍቼ ማጣሪያውን ለማንሣት ጊዜ አልነበረም።

«የሆነ ስም በይ፣ በኋላ አስተካክለዋለሁ» አልኳት።

«እኔ ማን ነኝና? አባባ ሳያወጡለት?»

«ልጁን አታዪውም እንዴ!» ጮህኩባት።

እያለቀሰች የሟች አባታችንን ስም ሰጠችው። ካርዱ ወጣ፣ ሐኪሙ ተቀበለው፣ ኦክስጅን ተደረገለት። በማግስቱ ሞተ። ስሙ አላዳነውም፣ አልገደለውምም፤ ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም ያንን ኮድ በከፈትኩ ቁጥር ያንገሸግሸኛል።

ከቀብሩ በኋላ ሽማግሌው የባሏ አባት ከእኅቴ ጋር ወደ ክሊኒኩ መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እኔ ያሰብኩለት ሌላ ነበር። እዚያ ውስጥ በእሱ ይግባልኝ፣ ልጄ።»

ስም እንዳይቀየር የሚከለክለውን መስመር አነሣሁ። ጠጋ ብለው በጆሮዬ ነገሩኝ፤ ጻፍኩት። ማጣሪያው ምንም አላለም።

«ተቀበለው?»

«ተቀብሎታል፣ አባባ።»

«እስቲ ጥራው።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠራሁት። እኅቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ልጇ ማን እንደሚባል የሰማችው ያኔ ነው።